የነገው እኔ እና የዛሬው ክኒን
ከወደፊት ማንነት ጋር ስላለ ቁርኝትና ስለ ጤና ልማዶች የቀረበ ሒሳዊ ምልከታ

መግቢያ

የረጅም ጊዜ ክትትል የሚሹ ሕመሞችን የሚያክም ማንኛውም ባለሙያ በየዕለቱ የሚገጥመው አንድ እንቆቅልሽ አለ። ሕመምተኛው የተሰጠውን ምክር ሰምቷል፤ ተረድቷልም። ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ ማቆምና መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ ምን እንደሚጠቅም ቢጠየቅ አሳምሮ ይመልሳል። ይሁን እንጂ ለቀጠሮው ሲመለስ ከተነገረው የፈጸመው እምብዛም ነው፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ ባደጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕክምና ከሚከታተሉ ሕሙማን መካከል የታዘዘላቸውን በአግባቡ የሚፈጽሙት በአማካይ ግማሽ ያህሉ መሆናቸውን፣ በታዳጊ አገሮች ደግሞ መጠኑ ከዚህም እንደሚያንስ ገልጿል። ስለዚህ ማወቅና ማድረግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ከጥንት የሚታወቅ ቢሆንም፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከምን እንደሚመጣ ግን አሁንም ያከራክራል።

ባለፉት ዓመታት ከሥነ ልቦና ዘርፍ ለዚህ ጥያቄ አንድ ማራኪ መልስ ቀርቧል። መልሱ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሰው ጤናውን ችላ የሚለው ከዓመታት በኋላ የሚሆነውን ራሱን እንደ ባዕድ ስለሚቆጥረው ነው። ዛሬ የሚያጨሰው አንድ ሰው፣ ነገ የሚታመመው ሌላ ሰው ሆኖ ይሰማዋል። ሰው ለማያውቀው ባዕድ ደግሞ እምብዛም መሥዋዕት አይከፍልም። ከነገው ማንነቱ ጋር ይበልጥ እንዲዛመድ ብንረዳው ግን ዛሬ ለራሱ ይጠነቀቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተሳሰብ መመርመር፣ የቀረቡለት ማስረጃዎች ምን ያህል እንደሚሸከሙት ማየት፣ እንዲሁም በእኛ የምርመራ ክፍሎች ውስጥ ሊጠቅም የሚችለውንና ሊያሳስት የሚችለውን መለየት ነው። ሐሳቡ በጤና ምክር አሰጣጥ ላይ እየገባ ያለ በመሆኑ፣ ሳይመረመር ከተወሰደ ሕመምተኛውን የምንመለከትበትን ዓይን ሊያጣምም ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የሐሳቡ አመጣጥ

ሐሳቡ የመነጨው ከሕክምና ሳይሆን ከፍልስፍና ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሬክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው በዕድሜው ሁሉ አንድና ያው ነው የሚለውን የተለመደ እምነት ጠየቀ። ለማስረጃነት ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱ በተለይ ለእኛ ሙያ ቅርብ ነው። ማጨስ የጀመረ አንድ ልጅ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ብርቱ ሥቃይ ሊደርስበት እንደሚችል ያውቃል፤ ነገር ግን እምብዛም አይገደውም። እንደ ፓርፊት አባባል ይህ ልጅ ለወደፊቱ ራሱ ያለው ስሜት ለሌሎች ሰዎች ካለው ስሜት ጋር ይመሳሰላል። ፓርፊት ከዚህ ተነሥቶ በሌላ ሰው ላይ ቢደረግ ነውር የሚሆነውን ነገር በወደፊቱ ራሳችን ላይም ማድረግ የለብንም ወደሚል የሥነ ምግባር ድምዳሜ ደርሷል።

ይህን ፍልስፍና ወደሚለካ ጥያቄ ከለወጡት ተመራማሪዎች መካከል ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው ሐል ኸርሽፊልድ ነው። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሟቸው ጥናቶች የተጠቀሙበት መለኪያ ቀላል ነበር። በከፊል የሚደራረቡ ሁለት ክበቦች የተሣሉባቸው ሰባት ሥዕሎች ለተሳታፊዎች ይቀርባሉ፤ አንዱ ክበብ የዛሬውን፣ ሌላው የወደፊቱን ማንነት ይወክላል። ክበቦቹ ይበልጥ የተደራረቡበትን ሥዕል የመረጡ ሰዎች ለነገ የመቆጠብ ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ጥናት ደግሞ የአንጎልን እንቅስቃሴ በኤምአርአይ በመከታተል፣ ሰው ስለ ወደፊቱ ራሱ ሲያስብ የሚታየው እንቅስቃሴ ስለ ሌላ ሰው ሲያስብ ከሚታየው ጋር እንደሚቀራረብ አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በኮምፒዩተር ያረጀ ፊታቸውን የተመለከቱ ሰዎች ለጡረታ ዘመናቸው የሚመድቡት ገንዘብ ከፍ እንዳለ አሳዩ።

ከገንዘብ ወደ ጤና የተደረገው ሽግግር እ.ኤ.አ. በ2018 በአብርሃም ረችክ መሪነት በወጣው ጥናት ጎልቶ ይታያል። በመጀመሪያው ክፍል ከወደፊቱ ማንነታቸው ጋር ቅርበት የሚሰማቸው ሰዎች ስለ ጤናቸው የሰጡት ግምት የተሻለ ነበር። በሁለተኛው ክፍል አንዳንድ የኮሌጅ ተማሪዎች ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚኖረው ራሳቸው፣ ሌሎች ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ለሚኖረው ራሳቸው ደብዳቤ እንዲጽፉ ተደረገ። በቀጣዮቹ ቀናት ሩቅ ላለው ራሳቸው የጻፉት የበለጠ የአካል እንቅስቃሴ አደረጉ።

ማስረጃው ምን ያህል ይሸከማል?

ጥናቶቹ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፤ ውጤታቸውም ትኩረት ይሻል። ቢሆንም ለሕክምና ውሳኔ መሠረት ከመሆናቸው በፊት ሦስት ጥያቄዎች መነሣት አለባቸው።

አንደኛው የምክንያትና የውጤት ጥያቄ ነው። ጤናማ የሆነ ሰው የነገውን ራሱን በቅርበት ሊያይ የሚችለው ጤናማ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። ድባቴ ያለበት፣ ሥር የሰደደ ሕመም የሚያሠቃየው ወይም ኑሮው የተናጋ ሰው የወደፊቱን ማንነቱን አርቆ ቢመለከተው አያስደንቅም። የክበቦቹ ርቀት የጤና ችግሩ መንስኤ ሳይሆን ምልክቱ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት የኢንፌክሽን ምልክት እንጂ መንስኤ አለመሆኑን የምናውቅ ባለሙያዎች ይህን ልዩነት ለመዘንጋት ምክንያት የለንም።

ሁለተኛው የጊዜ ጥያቄ ነው። የደብዳቤው ጥናት ተሳታፊዎችን የተከታተለው ለቀናት ነው። እኛ የምንከታተለው ሕመምተኛ ግን ክኒኑን ለሃያና ለሠላሳ ዓመት መዋጥ አለበት። በአንድ ቀን የተቀሰቀሰ ስሜት የዕድሜ ልክ ልማድ ይሆናል ብሎ ለመገመት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያሻል።

ሦስተኛውና ከሁሉ ክብደት ያለው ጥያቄ ግን ችግሩ በእርግጥ መራራቅ ነውን? የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኩዋድባክ፣ ጊልበርትና ዊልሰን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት ከ19,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ሰዎች ባለፉት አሥር ዓመታት ብዙ እንደተለወጡ ይናገራሉ፤ በሚመጡት አሥር ዓመታት ግን እምብዛም እንደማይለወጡ ይገምታሉ። ጥናቱ የተመለከተው ጠባይን፣ የሚያከብሯቸውን እሴቶችና ምርጫዎችን እንጂ ጤናን አልነበረም። ነገር ግን በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ዘወትር የምንሰማውን ንግግር ልብ ላለ ሰው ብዙ ይናገራል።

የደም ግፊታቸው 180 በ110 የሆነ አንዲት እናት ክኒኑን ለምን እንዳቋረጡ ሲጠየቁ፣ «ኧረ ምንም አያመኝም እኮ፣ ዶክተር! ውኃ እቀዳለሁ፣ እጋግራለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ» ይላሉ። እኚህ እናት የነገዋን ሴት እንደ ባዕድ አላዩአትም። እንዲያውም ከዛሬዋ ጋር ፍጹም አንድ አድርገዋታል። ዛሬ ጤነኛ ስለሆኑ ነገም እንዲሁ ውኃ የምትቀዳ፣ የምትጋግር፣ የምትሳለም ሴት ትታያቸዋለች። እጅና እግሯን ስትሮክ የያዛት ሴት በሐሳባቸው ውስጥ የለችም። በሐሳቡ ደጋፊዎች መለኪያ ቢመዘኑ ሁለቱ ክበቦች አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡበትን ሥዕል ሊመርጡ ይችላሉ፤ መድኃኒታቸውን ግን አይወስዱም። ስለሆነም ምልክት በማያሳዩ ሕመሞች ረገድ ዋናው ችግር የነገው ሰው መራቁ ሳይሆን፣ የዛሬው ሰው ውስጡ የሚካሄደውን አለማየቱ ሊሆን ይችላል።

ያረጀው ፊትና የደም ሥሩ ሥዕል

ይህን ለማመዛዘን ሁለት የመስክ ሙከራዎችን ማነጻጸር ይጠቅማል። የመጀመሪያው በምዕራብ አውስትራሊያ በሚገኙ ፋርማሲዎች የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው 160 አጫሾች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ የተለመደውን ምክር ብቻ አገኙ፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ማጨሳቸውን ቢቀጥሉ ፊታቸው ምን እንደሚመስል በኮምፒዩተር ተሠርቶ ታያቸው። ከስድስት ወር በኋላ ማቆማቸው በትንፋሽ ምርመራ የተረጋገጠው ምስሉን ካዩት 80 ሰዎች 11፣ ካላዩት 80 ሰዎች ግን አንድ ብቻ ነበር። ውጤቱ አስደሳች ነው። ነገር ግን ወጣቶቹን ያሳሰባቸው ከአረጋዊው ራሳቸው ጋር መዛመዳቸው ነው ወይስ የመልክ መበላሸት? ምስሉ ሁለቱንም አንድ ላይ ስለሚያሳይ መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው በስዊድን የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት መጽሔት ላይ የታተመው ቪፕቪዛ የተሰኘ ጥናት ነው። በዚህ ጥናት 3,532 ሰዎች የአንገት ደም ሥራቸው በአልትራሳውንድ ታየ። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ የደም ሥራቸው ሁኔታ በሥዕልና በቀለም ተገልጾ፣ ከዕድሜያቸው ጋር ተነጻጽሮ ተሰጣቸው፤ ለሐኪማቸውም ተላከ፤ ነርስም በስልክ አስረዳቻቸው። ከዓመት በኋላ የልብና የደም ሥር ሕመም ሥጋታቸው ሥዕሉ ካልተሰጣቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የስዊድኑ ጥናት ያሳየው የነገውን ሰው ሳይሆን የዛሬውን ደም ሥር ነው። ማንም ደብዳቤ አልጻፈም፤ ማንም አርጅቶ አልታየም። የተደረገው የተሰወረውን ግልጽ ማድረግ፣ መልእክቱ መድረሱንም በሰው ድምፅ ማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ለውጥ በታየበት ሁሉ ምስጋናውን ለነገው እኔ ጽንሰ ሐሳብ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ለነገ ማሰብ ከየት ይመጣል?

የሐሳቡ ሌላው ድካም ለነገ ማሰብን የግለሰቡ የውስጥ ባሕርይ አድርጎ ማየቱ ነው። ለዚህ እርማት የሚሆን አንድ ትንሽ፣ ግን ጠቃሚ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሴለስት ኪድና ባልደረቦቿ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ባሳተሙት ሙከራ 28 ሕፃናት ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ ቃሉን ከሚጠብቅ፣ ከፊሎቹ ቃሉን ከሚያጥፍ አዋቂ ጋር ቆዩ። ከዚያም አንድ ጣፋጭ ቀርቦላቸው ቢታገሡ ሁለተኛ እንደሚጨመርላቸው ተነገራቸው። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲታገሡ፣ ቃል የታጠፈባቸው የታገሡት 3 ደቂቃ ያህል ነው። ያልታገሡት ሕፃናት ባሕርያቸው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ያዩትን ይዘው በትክክል አሰቡ እንጂ።

ይህን ወደ እኛ ሁኔታ እናምጣው። አንድ ሕመምተኛ ከገጠር ተነሥቶ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፎ፣ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሲደርስ «አልቋል፣ ከውጭ ይግዙ» ቢባል፣ ከጤና ተቋሙ የተማረው ምንድን ነው? ደጋግሞ ይህ ከገጠመው በኋላ ቀጠሮውን ቢተው፣ ከነገው ማንነቱ ስለተራራቀ ነው ማለት እንችላለን? ቃላችንን ያጠፍነው እኛ ሆነን ሳለ ትዕግሥት ያነሰው እሱ ነው ማለት ይሆናል።

በኅብረተሰባችን ውስጥ ለነገ የማሰብ ችሎታ እንደማይጎድል የሚያሳይ አስረጂ ደግሞ ከደጃችን አለ። እርሱም እድር ነው። ከሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ በከተሞቻችን የተስፋፋው ይህ ማኅበር፣ አባላቱ ጨርሶ የማያዩትን ቀን አስበው በየወሩ የሚያዋጡበት ነው። «የነገን እሱ ያውቃል» ብለው ስለ ክኒኑ የሚነገራቸውን የሚያልፉት አባት የእድር መዋጮ አያሳልፉም። አነጋገራቸውን ሰምተን ዕድል አምላኪ ናቸው ብለን ከደመደምን፣ ሥራቸው ያስተባብለናል።

ታዲያ እድሩ የሚፈጸመው፣ ክኒኑ የሚቋረጠው ስለምን ነው? የእድር መዋጮ መጠኑ ትንሽና የታወቀ ነው፤ ቀኑ አይለወጥም፤ ያልመጣን የሚጠይቅ ጎረቤትና ሰብሳቢ አለ፤ ለቀረ ቅጣት አለው። ከሁሉም በላይ እድሩ ቃሉን ይጠብቃል፤ ሐዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳኑ ሲተከል ሁሉም በዓይኑ አይቷል። የነገው ቀን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ እንዲኖር አልተተወም፤ በጎረቤትና በደንብ ተደግፏል።

በሕክምናችንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ድሃ ሕዝብ የዕድሜ ልክ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ አይችልም የሚል ጥርጣሬ በዓለም ላይ ይሰማ ነበር። መድኃኒቱ ግን ብቻውን አልተሰጠም። የምክር አገልግሎት ታክሎበታል፤ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች አጋዥ ሆነው ተመድበዋል፤ ቀጠሮ ያለፈውን ሰው ፈልጎ የሚያገኝ አሠራር ተዘርግቷል። ያን ጊዜ የብዙ ወገኖች ሕይወት የተረፈው የሕዝቡ ጠባይ ስለተለወጠ አይደለም። ዛሬ በደም ግፊትና በስኳር ሕመም ክትትል ላይ የምናየው ክፍተት በአብዛኛው የዚህ ዓይነቱ አሠራር ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ የስቴፕስ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ኢትዮጵያውያን ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሕክምና ላይ እንዳልነበሩ መታወቁን ስናስብ ነገሩ ምን ያህል ሰው እንደሚነካ እንረዳለን።

በምርመራ ክፍላችን ምን ይጠቅማል?

ከላይ የተሰነዘረው ሒስ ሐሳቡን ከነጭራሹ ለመጣል አይደለም። ኸርሽፊልድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው አስቀድሞ ራሱን በቃል የሚያስርባቸውን ዘዴዎችና የዛሬውን መሥዋዕት የማቅለልን አስፈላጊነት አንሥቷል። ከሐሳቡ የሚወሰደውን ወስዶ በቦታው ማስቀመጥ ይቻላል።

በመጀመሪያ ስለ ባሕርይ ከመጠየቃችን በፊት ስለ አቅርቦት እንጠይቅ። መድኃኒቱ ተገኝቷል? ዋጋው ተችሏል? ቀጠሮው ከገበያና ከእርሻ ሥራ ጋር ተጋጭቷል? እነዚህ ሳይጣሩ በካርዱ ላይ «ምክር አይሰማም» ብሎ መጻፍ ምርመራ ሳያደርጉ በሽታ እንደመሰየም ነው። የፓርፊት የሥነ ምግባር ድምዳሜ ለፈላስፋ ይስማማ ይሆናል፤ ከሐኪም አፍ ሲወጣ ግን ወቀሳ ይሆናል። የተወቀሰ ሕመምተኛ ደግሞ ያቋረጠውን መድኃኒት ወስጃለሁ ማለትን ይማራል።

ሁለተኛ፣ የተሰወረውን እናሳይ። አልትራሳውንድ ባይኖረን የግፊት ልኬቱን በየቀጠሮው በነጥብና በመስመር ካርዱ ላይ መሣል እንችላለን። መስመሩ ሲወጣና ሲወርድ ያየ ሰው፣ ፊደል ባይቆጥርም፣ ክኒኑ ሥራ እንደሚሠራ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ስለ ነገ ስንጠይቅ በማስፈራራት አንጀምር። «ካልወሰዱ ሽባ ይሆናሉ» የሚለው አነጋገር ሰው ሊቀርበው የማይፈልገውን ነገ ያቀርብለታል። በአንጻሩ «ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ሲያደርጉ ራስዎን ማየት ይመኛሉ?» ብለን ብንጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው መልስ ስለ ሌላ ሰው ነው፦ ልጄን ስድር፣ የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ፣ አገሬ ሄጄ ዘመድ ስጠይቅ። እዚህ ላይ የደብዳቤው ጥናት አንድ እርማት ይሻል። በእኛ ዘንድ የነገው እኔ ብቻውን አይቆምም፤ በልጅና በዘመድ መካከል ይገኛል። ደብዳቤ ማጻፍ ባያስፈልግም፣ ይህን መልስ በካርዱ ጥግ ላይ መዝግቦ በሚቀጥለው ቀጠሮ «የልጅዎ ሠርግ ምን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

አራተኛ፣ ከእድር እንማር። የማይለወጥ የክትትል ቀን፣ የሚቻለውን ያህል ያው ባለሙያ፣ በአንድ ቀጠሮ የሚገናኙ የአንድ ሠፈር ሕሙማን፣ የቀረውን የሚጠይቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢኖሩ፣ ሕመምተኛው ስለ ነገ ብቻውን እንዲያስብ አይገደድም።

ማጠቃለያ

ከወደፊት ማንነት ጋር ያለ ቁርኝት የጤና ልማድን ይነካል የሚለው ሐሳብ ጥሩ ጥያቄ አንሥቷል፤ መልሱ ግን ከፊል ነው። ማስረጃዎቹ በአብዛኛው የአጭር ጊዜ ናቸው፤ ምክንያትን ከውጤት በበቂ አይለዩም፤ ምልክት በማያሳዩ ሕመሞች ረገድም ችግሩ መራራቅ ይሁን ከልክ ያለፈ መመሳሰል ገና አልተፈታም። በአገራችን ሊደረግ የሚገባው ጥናት ሕሙማን ከነገው ራሳቸው ምን ያህል እንደተቀራረቡ በክበብ መለካት ብቻ መሆን የለበትም። የመድኃኒት አቅርቦት ባልተቋረጠባቸውና በተቋረጠባቸው ጤና ጣቢያዎች የሚታከሙ ሕሙማን የሚያሳዩትን ጽናት ማነጻጸር ይበልጥ ያስተምረናል። ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ መዝገቦቹ በየመድኃኒት ቤቱና በየካርድ ክፍሉ ይገኛሉ። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ግን ክኒኑን ያቋረጠውን ሰው «ለምን ለነገዎ አያስቡም?» ከማለታችን በፊት፣ ባለፈው ቀጠሮ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ምን ተብሎ እንደተመለሰ እንጠይቀው።